የተማሪዎችን የሙያ ምክር ፍላጎት በምን እንለይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ። ተማሪዎቼ ምን ዓይነት የሙያ ምክር እንደሚያስፈልጋቸው ለማወቅ መጠይቅ ባዘጋጅም፣ «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ለሚለው አብዛኞቹ «ሐኪም» ወይም «መሐንዲስ» ከማለት አላለፉም። ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ 1፦ ችግሩ ከጥያቄው ይመስለኛል፤ ምኞትን መጠየቅና የምክር ፍላጎትን መለየት አንድ አይደሉም። ስለ ሙያው ከማን እንደሰሙ፣ የትኞቹ የትምህርት ዓይነቶች እንደሚያስፈልጉት ያውቁ እንደሆነ፣ ምርጫው የራሳቸው ይሁን የወላጅ መጠየቅ ይሻላል። አንዲት ተማሪ «ሐኪም» ብላ ጽፋ ነበር፤ ለብቻዋ ሳነጋግራት ግን ደም ማየት እንደማትችል፣ የሚማርካትም መድኃኒት እንዴት እንደሚቀመም ማወቅ እንደሆነ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ይህን መጠይቁ ፈጽሞ ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

መልስ 2፦ በዚህ ላይ የዝንባሌ መለኪያ፣ ማለትም ተማሪውን ምን ዓይነት ሥራ እንደሚስበው የሚያሳይ መጠይቅ፣ ቢታከልበት መልካም ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ሆላንድ በ1959 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ ሰዎችንም የሥራ አካባቢዎችንም በ6 ዓይነት ስለሚከፍል፣ ተማሪው ራሱን ከሥራው ጋር እንዲያስተያይ ይረዳዋል። ሆኖም ዝንባሌው የታወቀ ተማሪ መረጃ ሊጎድለው፣ መረጃ የሞላው ደግሞ መወሰን ሊያቅተው ስለሚችል፣ ውጤቱን የውይይት መነሻ እንጂ ፍርድ አታድርጉት። ጊዜውም ወሳኝ ነው፤ የትምህርት ዘርፍ ከተመረጠ በኋላ የሚደረግ ዳሰሳ ለብዙዎቹ ዘግይቷል።

ጠያቂ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። መጠይቁን አሻሽዬ፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ተማሪዎችን ለየብቻ በማነጋገር እጀምራለሁ።