«ወደው ነው የገቡት» አለን ደግሞ!

ጠያቂው፦ ትናንት አንድ «የኢኮኖሚ ተንታኝ» ስለ ድሮዎቹ የእንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ የማንቸስተር ድሆች ሲያወራ ሰማሁት። «ማንም አላስገደዳቸውም፣ ወደው ነው ከተማ የገቡት፣ ቆሻሻው የዕድገት ዋጋ ነው» ይላል። ደሜ ፈላ። ቻድዊክ የሚባል የእንግሊዝ ሹም በፈረንጆቹ 1842 ስለ ንጽሕና ባወጣው ሪፖርት ላይ የማንቸስተር ሠራተኛ ቤተሰብ አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ነው። ሊቨርፑል 15። ገጠሩ ራትላንድ ግን 38። ዋጋ የሚለው ይሄንን ነው!

ቀጥታ፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? ፋብሪካው ከእርሻው የተሻለ ይከፍል ነበር፣ ወደው ነው የገቡት። 17 ማለት ደግሞ ሰው ሁሉ በ17 ዓመቱ ይሞታል ማለት አይደለም። ሕፃናት ስለሚሞቱ ነው አማካዩ የወረደው። ሂሳብ እንማር እንጂ።

ነርሷ፦ «ሕፃናት ስለሚሞቱ ነው» ብለህ የምሥራች አስመሰልከው እኮ። ማንቸስተር ውስጥ ከሠራተኛው ልጆች ከግማሽ በላይ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ነበር የሚቀበሩት። ሕፃኑም ወዶ ነው የገባው?

ቀጥታ፦ ቃል አትጥለፊ።

ጠያቂው፦ ቃሉን ያመጣኸው አንተ። እስቲ ሊቨርፑል እንሂድ። በ1847 ብቻ ወደ 300,000 አይሪሽ እዚያ ወረደ። ድንቹ በስብሶ ረሃብ አባሯቸው ነው። አሜሪካ መሻገሪያ ያጣው መስኮት በሌለው፣ ወለሉ በሚያልብ ምድር ቤት እየተጠጋጋ ተኛ፣ ከዚያ ታይፈስ ጨረሰው። ወዶ!

ቀጥታ፦ ስለ ማንቸስተር ስናወራ አየርላንድ ገባን። ነገ ደግሞ ሕንድ ትወስደናለህ።

የማንቸስተሩ፦ እዚሁ ነኝ። ኤንጅል ሜዶው የሚባል መናፈሻ አለ፣ እሁድ እሁድ ልጆቼን የማጫውትበት። ለካ ሣሩ ሥር ወደ 40,000 ድሆች ተቀብረዋል። ባለቤቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እዚያ እግሯን አላሳረፈችም። ዙሪያው አሁን ሁሉ አፓርታማ ነው፣ ኪራዩን አትጠይቁኝ።

ሳቂታው፦ አንተም ወደህ ነው የገባኸው ኪኪኪ

አባ ነገር፦ ቻድዊክን ግን ጻድቅ አታድርጉብን። የ1834ቱን የድሆች ሕግ ካረቀቁት አንዱ ራሱ ነው፣ ያ ባልና ሚስትን ለያይቶ ማጎሪያ የሚከተውን። ድሃ ሲታመም ወጪ ስለሚሆን ነው ለንጽሕና የተጨነቀው። በዚያ ላይ በሽታ ከሽታ ነው የሚመጣው ብሎ ያምን ስለነበር ለንደን ላይ የየቤቱ ፍሳሽ እየታጠበ ቴምዝ ወንዝ እንዲገባ አስደረገ፣ ሕዝቡ ደግሞ ከዚያው ከቴምዝ ይጠጣል። የ1848-49ኙ ኮሌራ ለንደን ላይ ወደ 14,000 ሰው ፈጀ።

ነርሷ፦ እሱስ እውነትህን ነው። በ1854 ዶክተር ስኖው ኮሌራ ከውሃ ነው የሚመጣው ብሎ ለንደን ውስጥ የብሮድ ስትሪትን የውሃ ፓምፕ እጀታ አስነቅሎ እንኳ ብዙዎቹ አላመኑትም።

ቀጥታ፦ በመጨረሻ ያ ሁሉ የፍሳሽ መስመር በምን ገንዘብ ተሠራ? ከሰማይ ወረደ? የሰደባችሁት ፋብሪካ ያመጣው ሀብት ነው።

ጠያቂው፦ መቼ እንደወጣ ለምን አትናገርም? በ1858 በጋ የቴምዝ ግማት ፓርላማ ገብቶ ሽታውን ለማጥፋት መጋረጃቸውን በክሎሪን ኖራ ሲነክሩ ነው። ያኔ የፍሳሽ መስመሩ ሕግ በሳምንታት ጸደቀ፣ ኢንጂነር ባዛልጌትም ግንባታውን ጀመረ። ድሃው ስንት ዓመት ሲሸተው «ወዶ ነው»፣ ለጌቶቹ አፍንጫ ሲደርስ አዋጅ!

ቀጥታ፦ ወደው ስል እኮ አማራጭ ካላቸው ነገር…

ነርሷ፦ ጀመረ!

ሳቂታው፦ የማንቸስተሩ፣ እስቲ ባለ አንድ መኝታው ስንት ነው?