እናታችንን በናይል ወይስ በዳኑብ? ስለ ቅንጡ የወንዝ መርከብ ጉዞ ምክር እሻለሁ

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እናታችን ዘንድሮ 70 ዓመት ይሞላቸዋል። በውጭ አገር የሚኖሩት ወንድሜና እህቴ ገንዘብ አዋጥተው እኔ እናታችንን ይዤ አንድ ሳምንት በወንዝ መርከብ እንድንጓዝ ወስነዋል። ወንድሜ ከጀርመኗ ፓሳው ተነስቶ በቪየና በኩል ቡዳፔስት የሚደርሰውን የዳኑብ ጉዞ ሲመርጥ፣ እህቴ ደግሞ ከሉክሶር እስከ አስዋን ያለውን የናይል ጉዞ ትመርጣለች። ሁለቱም ቅንጡ ከሚባሉት ድርጅቶች ጋር እንድንሄድ ቢስማሙም የመጨረሻውን ውሳኔ ለእኔ ትተውልኛል።

እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የሚሄዱት በምርኩዝ ነው፤ ጾምም አያጓድሉም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውሃ መፍራታቸው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ሲወስድ ቤታችን ከወንዙ እምብዛም አይርቅም ነበር። ዛሬም በደንገጎ በኩል ሰማዩ ካጉረመረመ እናቴ ጫማቸውን ከአልጋቸው ሥር አንስተው በሩ አጠገብ ሳያስቀምጡ አይተኙም። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚያዩት ወንዝ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚሆን ያዩ ሰው ናቸውና፣ ውሃ ላይ ሰባት ሌሊት ማደር ደስታ ይሆንላቸዋል ወይስ ጭንቀት? ደግሞስ የቅንጡዎቹ ዋጋ ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ የሚሆነው በእርግጥ ለአረጋዊ የሚጠቅም ነገር ስላላቸው ነው? የተጓዛችሁ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የሸዋ በር ነዋሪ (ሐረር)፦

ወንድሜ፣ ሐሳብዎ የተባረከ ነው። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት አክስቴን ይዤ ከሉክሶር አስዋን አራት ሌሊት ተጉዣለሁ። ስለ ፍርሃቱ ልጀምር፤ ወንዝ እንደ ባሕር ማዕበል ስለሌለው መርከቡ ሲሄድ በጠረጴዛ ላይ ያለ ሻይ እንኳ አይንቀጠቀጥም። አክስቴ መነሳታችንን ያወቁት የዘንባባ ዛፎች በመስኮቱ ሲያልፉ አይተው ነው። በተጨማሪም የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ በልክ የሚለቀቅ በመሆኑ በዚያ መስመር ወንዙ እንደ ቀድሞው በየዓመቱ ሞልቶ አያጥለቀልቅም። ይህን ለእናትዎ አስቀድመው ቢነግሯቸው ደግ ነው።

ስለ ዋጋው ግን በእኛ ላይ የደረሰውን ልንገርዎ። የተሳፈርንበት መርከብ መካከለኛ ዋጋ ያለው ነበር። ሉክሶር ላይ ቦታ ስለሚጠብብ መርከቦች ጎን ለጎን ተጣብቀው ይቆማሉ። የእኛ አራተኛው ስለነበር ወደ የብስ ለመውጣት የሦስት መርከቦችን የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ማቋረጥ ነበረብን። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ደረጃና ጠባብ ድልድይ ስላለ አክስቴ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ደክሟቸው ተቀመጡ። የክፍላችንን መጋረጃ ስንገልጥም የምናየው ወንዙን ሳይሆን የጎረቤቱን መርከብ መጋረጃ ነበር። ስለዚህ ድርጅቱን ሲያነጋግሩ ስለ ምንጣፉና ስለ ገላ መታጠቢያው እብነ በረድ ከመጠየቅዎ በፊት መርከቡ የሚቆመው በራሱ መቆሚያ ነው ወይስ ከሌሎች ጋር ተደርቦ፣ አሳንሰሩስ የትኞቹን ፎቆች ያገናኛል ብለው ይጠይቁ። ለእናትዎ ጉልበት የተጨማሪው ገንዘብ ትርጉም በዋናነት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉብኝቱ ሁሉ ለእርሳቸው እኩል አይሆንም። የኤድፉው የሆረስ ቤተ መቅደስ ሜዳ ላይ ነው፤ ከወንዙ እስከዚያ ብዙዎች የሚሄዱት በፈረስ ጋሪ በመሆኑ ለአክስቴ አገር ቤት የገቡ ያህል ሆኖላቸዋል። የኮም ኦምቦው ቤተ መቅደስም ወንዙ ዳር ስለሆነ አያደክምም። በነገሥታት ሸለቆ ያሉት መቃብሮች ግን ቁልቁል የሚያስወርዱ ደረጃዎች አሏቸው፤ በደሴት ላይ ወዳለው የፊላይ ቤተ መቅደስ የሚያሻግሩት ጀልባዎችም መውጫና መውረጃቸው ጉልበት ይፈልጋል። የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅና በሌሊት ስለሚያስነሳ እናትዎ ቢቀርባቸው ይሻላል።

አክስቴ እስከ ዛሬ የሚያነሱት የንግሥት ሐትሼፕሱትን ቤተ መቅደስ ነው። ንግሥቲቱ ፑንት ወደተባለው ጥንታዊ አገር የላከቻቸው መርከቦች ሲመለሱ የሚያሳየው ሥዕል በግድግዳው ላይ ተቀርጿል፤ ሰዎቹ የዕጣን ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ተሸክመዋል። ሊቃውንት ፑንትን የሚፈልጉት በእኛው በቀይ ባሕርና በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ነው። በየማለዳው ዕጣን ሳያጨሱ የማይውሉት አክስቴ ያን ቅርጫት ቆመው ሲያዩ አስጎብኚው ቀድሞን ሄዶ ጠፋብን፤ ቅሬታም አልተሰማኝም።

ጾሙ አያሳስብዎ። ፉል፣ ምስርና ባቄላ የግብፆች የዕለት ምግብ ነው። ብቻ ቅቤ እንዳይጨመርበት አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ።

የጉዞ ሰነድ ሠራተኛ (ድሬዳዋ)፦

በሥራዬ የሁለቱንም መስመሮች ሰነድ ስላዘጋጀሁ ስለ ዳኑብ ጥቂት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ቫይኪንግ የተባለው የመርከብ ጉዞ ድርጅት በአውሮፓ ወንዞች የሚያሠማራቸው ረጃጅም መርከቦች 190 ያህል መንገደኞች ይይዛሉ። በናይል ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያስገባው ኦሳይረስ የተባለው መርከብ ግን የሚይዘው 82 መንገደኞችን ነው። በየከተማው አንድ ጉብኝት፣ ምግቡና ኢንተርኔቱ በዋጋው ውስጥ የተካተቱ ናቸው፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችንም አይቀበልም። ይህ ጸጥታ ለሚፈልጉ አረጋዊ መልካም ነው። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ዋጋ የሚያወጡት ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ያድራሉ ብለው ስለሆነ እናትና ልጅ አብራችሁ ማደራችሁ ወጪውን ይቀንሳል።

የዳኑብ ችግር የውሃው መጠን ነው። ውሃው ሲያንስ መርከቡ መሬት እንዳይነካ ይቆማል፤ ሲበዛ ደግሞ በድልድዮቹ ሥር ማለፍ አይችልም። በሌላው የአውሮፓ ወንዝ በራይን በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2022 ድርቅ ጉዞዎችን አስተጓጉሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 መስከረም ወር ደግሞ ዳኑብ ሞልቶ መንገደኞችን የጫኑ መርከቦች ቪየና ላይ ታግደው ሰንብተዋል። ድርጅቶቹ እንዲህ ሲገጥማቸው መንገደኛውን በአውቶቡስ ወስደው ከተዘጋው ቦታ ማዶ በሚጠብቅ ሌላ መርከብ ያሳፍሩታል። ለወጣት ይህ ቀላል ነው፤ የ1998ቱን ሌሊት ላዩ እናት ግን ይህን ዕድል ባልሞክርባቸው እመርጣለሁ።

ቪዛውም ይለያያል። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስሎቫኪያና ሃንጋሪ ሁሉም ሸንገን በተባለው የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ቀጣና ውስጥ በመሆናቸው አንድ ቪዛ ይበቃል፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ሌሊት ለሚታደርበት አገር ነው፤ ክፍያው 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ይጠየቃል። መርከቡ ወደ ቤልግሬድ የሚቀጥል ከሆነ ግን ሰርቢያ ከሸንገን ውጭ ስለሆነች ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ለግብፅም ቪዛ ከመነሳታችሁ በፊት ማግኘት አለባችሁ። ለሁለቱም አዲስ አበባ መውጣት ስለማይቀር፣ እናትዎ ሁለት ጊዜ እንዳይመላለሱ ቀጠሮውንና የሐኪም ምርመራቸውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያድርጉት።

እናት ዓለም (ሐረር)፦

የተሰጠው ምክር ሁሉ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን እናታችን ራሳቸው ምን አሉ? ልጆች ተመካክረን ወላጆቻችንን ሳንጠይቅ የምንወስንላቸው ነገር ብዙ ነውና፣ እባክዎ ከሁሉ በፊት ይጠይቋቸው።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ እናት ዓለም እንዳሉኝ ትናንት ማታ እናቴን ጠየቅኋቸው። ሁለቱንም ወንዞች በስልኬ ካርታ ላይ አሳየኋቸው። ስለ ዳኑብ ምንም አላሉም። ናይልን ሳሳያቸው «ይህ የእኛው ዓባይ አይደለም ወይ?» አሉኝ። አብዛኛው ውሃ ከእኛ ደጋ እንደሚወርድ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከግድብ በታች ከሆነ እሄዳለሁ» አሉ።

ስለዚህ ናይልን መርጠናል። ለድርጅቱ ስለ መርከቡ መቆሚያ፣ ስለ አሳንሰሩና ስለ ጾም ምግቡ በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን እየጠበቅሁ ነው፤ ስለ መቆሚያው በግልጽ ካልመለሱልኝ ሌላ ድርጅት እፈልጋለሁ። ጉዞውን ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ለማድረግ አስበናል፤ ያኔ የሚቀረው የነነዌ ጾምና ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። የሸዋ በሩ ወንድሜ፣ በዚያ ወቅት ማለዳው ለእኛ ለድሬ ሰዎች ይበርዳል ሲባል ሰምቻለሁና፣ ለእናቴ ጋቢ ብቻ ይበቃል ወይስ ወፍራም ሹራብም ልያዝ?

የሸዋ በር ነዋሪ (ሐረር)፦

ሁለቱንም ይያዙ። ቀን ላይ ፀሐዩ ደስ ይላል፤ ማለዳና ማታ ግን የመርከቡ ሰገነት ላይ ነፋሱ ይበረታል። እናትዎ ደግሞ ወንዙን ማየት የሚወዱት በዚያ ሰዓት ይሆናል።