ፓይተን 3.8ን መቼ ልጣለው?

ሰላም። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች በፕሮግራማቸው ውስጥ የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) አለኝ። እስካሁን ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ይሠራል፤ ችግሬም እዚህ ላይ ነው።

የ3.8 ጥገና በኦክቶበር 2024 አብቅቷል። የሰዓት ክልል ለማስላት የምፈልገው፣ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ዞንኢንፎ የሚባል ክፍል ደግሞ ከ3.9 ጀምሮ ነው ያለው። ስለዚህ ለ3.8 ብቻ ስል ሌላ ጥቅል አስገብቼ፣ ኮዱ መሀል «ስሪቱ ከ3.9 ካነሰ ይሄንን አምጣ» የሚል መስመር ሰክቼ እየሠራሁ ነው። አዲስ ነገር በጨመርኩ ቁጥር ሁለቱንም መንገድ መፈተሽ አለብኝ፣ አድካሚ ነው።

ታዲያ ጣለዋ ትሉኝ ይሆናል። ግን ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፣ በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር መዝገብ የሚይዙ ሰዎች ደግሞ ይጽፉልኛል። ኮምፒውተር ቀይሩ ማለት ለእኔ ነው የሚቀለው። ላይብረሪው የሚፈልገውን ዝቅተኛ የፓይተን ስሪት 3.10 ባደርገው፣ የፓይተን ጥቅል ማውረጃው ፒፕ የድሮውን የላይብረሪዬን ስሪት ስለሚያወርድላቸው የያዙት አይበላሽም። ነገር ግን ነገ ጳጉሜ 6 ላይ የስሌት ስህተት ቢገኝ እርማቱ አይደርሳቸውም። ስንት እንደሆኑ ለማወቅ የማውረጃ ቁጥሩን አየሁት፣ አውቶማቲክ መፈተሻዎች የሚያወርዱትም አብሮ ስለሚቆጠር ሰውን ከማሽን አይለይም።

እንዲህ ያለ ላይብረሪ የያዛችሁ፣ አሮጌ ስሪት ከጣላችሁ በኋላ ለቀሩት ተጠቃሚዎች ስህተት ማረሙን ለምን ያህል ጊዜ ቀጠላችሁ?