ወደ ሸዋ ሮቢት ለምንወርድበት መንገድ የሚሆን ስንቅ ጠቁሙን

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ተነስተን በጣርማበር፣ በደብረ ሲና አድርገን ሸዋ ሮቢት ልንወርድ ነው። ስኳር ያለባቸው አባባና የ3 ዓመት ልጅ አብረውን አሉ። የበረዶ ሳጥን የለንም።

ለአዋቂዎቹ የገብስ ቆሎ ከሽምብራና ከሱፍ ጋር፣ ለአንድ ሰው አንድ እፍኝ። ትኩሱን ከታሸገ በእንፋሎቱ ስለሚለሰልስ ማታውኑ ተቆልቶ ያድራል። ለልጁ ቆሎም ኦቾሎኒም አይሰጥም፤ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ቢያንቀውስ? ጭኮም ቀርቷል፤ ቆላ ሲደርስ ቅቤው ቀልጦ ወንበሩን ያጨማልቃል። የአባባ ስኳር ድንገት ቢወርድ ብለን ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ለብቻው ቋጥረናል።

የቸገረን እንቁላል ነው። ቅቅሉ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የደብረ ብርሃን ብርድ ያዘናጋል እንጂ ታች ሲደረስ ሌላ አገር ነው።

እንቁላሉን የሚተካ፣ ሙቀት የማያበላሸው፣ ልጁም ሳይታነቅ የሚበላው ምን አለ? ለአባባስ በሶ ያለ ስኳር፣ በጨው ብቻ ቢበጠበጥ ስንት ማንኪያ ይበቃል? የምታውቁ እባካችሁ።