ሪሌን ከሞዴል ባቡር ዲኮደር ጋር ለማገናኘት፦ አስቀድሞ እንዴት ይፈተሻል?

ሐዲድ_ወዳጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁም። በዲሲሲ (ባቡሩን በሐዲዱ በኩል በሚላክ ዲጂታል ትእዛዝ የሚመራ ሥርዓት) የሚሠራ የኤችኦ መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) ባቡር አለኝ። በሁለት ፉርጎዎች ውስጥ ያሉት ስምንት የክር አምፖሎች እያንዳንዳቸው 50 ሚሊአምፔር ያህል ስለሚወስዱ ድምሩ 400 ይደርሳል፤ የዲኮደሩ (ትእዛዙን ተቀብሎ ሞተሩንና መብራቱን የሚቆጣጠረው ትንሽ ሰሌዳ) መመሪያ ግን በአረንጓዴው ሽቦ ከ100 በላይ እንዳይሳብ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ በመካከል ትንሽ ሪሌ (በአነስተኛ ኃይል ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ማስገባት አስቤአለሁ። ከአሮጌ ሰሌዳ የነቀልኩት ሪሌ አምስት እግሮች አሉት፤ 12 ቮልት ዲሲ ከሚለው በቀር የተጻፈበት ነገር የለም። ዲኮደሩን ሳላቃጥል እንዴት ልፈትሸውና ላገናኘው?

መልቲሜትር
በመጀመሪያ ሪሌውን ለብቻው ይፈትሹት። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገው እግሮቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ይለኩ። ወደ ዜሮ የሚጠጉት ሁለቱ በዕረፍት ጊዜ የሚነካኩት ኮንታክቶች ሲሆኑ፣ ከመቶዎች እስከ አንድ ሺህ ኦም ገደማ የሚያሳዩት የጥምጥሙ (ኃይል ሲያገኝ መግነጢስ ሆኖ ኮንታክቶቹን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ጫፎች ናቸው፤ አምስተኛው ከማንም ጋር አይገናኝም። ጥምጥሙ ላይ 12 ቮልት ሲሰጡ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ከአምስተኛው ጋር የተገናኘው እግር የጋራው ነው። የጥምጥሙን ኦም ሳይመዘግቡ አይለፉ፤ ዋናው ቁጥር እርሱ ነውና። 400 ኦም ከሆነ የሚስበው 30 ሚሊአምፔር ስለሆነ ዲኮደሩ በቀላሉ ይሸከመዋል፤ 100 ኦም ከሆነ ግን 120 ስለሚስብ ሌላ ሪሌ ይፈልጉ።

ሰማያዊ_ሽቦ
በግንኙነቱ ላይ ልጨምር። ሰማያዊው ሽቦ የጋራ ፖዘቲቭ ነው፤ አረንጓዴው ደግሞ ኤፍ1 (በመቆጣጠሪያው ላይ ያለው የተግባር ቁልፍ) ሲበራ ወደ ኔጋቲቭ ይዘጋል። ስለዚህ የጥምጥሙን አንድ ጫፍ ከሰማያዊው፣ ሌላውን ከአረንጓዴው ጋር ያገናኙ፤ ሰማያዊውን ግን ፈጽሞ ከሐዲዱ ጋር አያነካኩ። በጥምጥሙ ጫፎች መካከል 1ኤን4148 ወይም 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ይበይዱ፤ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ሰማያዊው ይዙር። ኤፍ1 ሲጠፋ የጥምጥሙ መግነጢስ ድንገት ሲፈርስ ከ12 ቮልት እጅግ የሚበልጥ ግፊት ስለሚፈጥር፣ ያለ ዳዮድ የዲኮደሩን ትራንዚስተር የሚገድለው ይኸው ነው። የአምፖሎቹን ኃይል ከሰማያዊው አይውሰዱ፤ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ጋራው እግር፣ ከአምስተኛው እግር ወደ አምፖሎቹ፣ ከዚያም ወደ ሌላኛው ሐዲድ ይሂድ። በዚህ መንገድ 400ው ሚሊአምፔር በዲኮደሩ ውስጥ አያልፍም። ቀዝቃዛ ክር ሲበራ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ የኮንታክቱ አቅም ቢያንስ 1 አምፔር ቢሆን እመርጣለሁ።

ጣቢያ_ጠባቂ
የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም አምፖሎቹን በኤልኢዲ ቢተኩ ስምንቱ በ5 ሚሊአምፔር 40 ብቻ ስለሚወስዱ ሪሌም አያስፈልግም፣ የፉርጎው ጣሪያም አይሞቅም። የድሮውን የክር ብርሃን ለማቆየት ከፈለጉ ግን የሪሌው መንገድ ይሻላል።

ሐዲድ_ወዳጅ (ጠያቂ)
ከልብ አመሰግናለሁ። ያንን ሞቅ ያለ ብርሃን ስለምወደው ሪሌውን መርጫለሁ። ጥምጥሙ 400 ኦም ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ዳዮዱንም አስገብቼ አገናኘሁት። መብራቱ ይበራል፤ ነገር ግን ሪሌው ያለማቋረጥ ይንዘረዘራል።

ሰማያዊ_ሽቦ
የኤፍ1 ውጤት ብርሃን የማደብዘዝ ወይም የማርገብገብ ቅንብር ላይ ሳይሆን አይቀርም። ዲኮደሩ የሚያደበዝዘው ኃይሉን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሆነ ሪሌው ያንኑ ይከተላል። በመመሪያው የሲቪ (የዲኮደሩ የቅንብር ቁጥሮች) ሠንጠረዥ ላይ ውጤቱን ወደ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይመልሱት። ድምፁ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ሐዲዱንና ጎማዎቹን ያጽዱ።