የሰልጣኞቼ ስልክ ቁጥር፣ የኮምፒውተር ላቡ ፍላሽ እና የማይወርደው ቪዲዮ፦ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (የኤሌክትሪክ አሰልጣኝ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የህንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ አሰልጣኝ ነኝ። ደረጃ 2 ላይ 34 ሰልጣኞች አሉኝ፣ 11ዱ ሴቶች ናቸው። ከአምና ጀምሮ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ኖት፣ ፎቶና ቪዲዮ እልክላቸዋለሁ። አሁን ግን ሦስት ነገር አስጨንቆኛል።

አንደኛው ከሁሉም ይከብደኛል። ሴቶቹ ልጆች ማታ ማታ ከማያውቁት ሰው መልዕክት ይመጣባቸዋል። አንዷ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ቁጥሯን ያገኙት ከእኔ ግሩፕ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ የአንድ ሰልጣኝ አካውንት ተጠለፈና በስሙ "2,000 ብር በቴሌብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ" የሚል መልዕክት ለሁሉም ደረሰ። ሁለት ልጆች ልከዋል።

ሁለተኛው የኮምፒውተር ላቡ ነው። የገባ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ይወጣል። የሰልጣኞቼ የምዘና ውጤት የነበረበት ፎልደር ወደ ሾርትከት ተቀይሯል፣ አይከፈትም።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮ ስልክላቸው ግማሾቹ አያወርዱትም። ዳታ የለኝም ይሉኛል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ "ስልክ የሚባል ነገር ወርክሾፕ አይግባ፣ ግሩፑንም ዝጊው" ይላሉ። እኔ ግን መዝጋት አልፈልግም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሰልጣኝ የሰራችውን ቦርድ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል። ለእሷ ስራው አልቋል። ፎቶውን ሳሰፋው ግን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ የገባው ሰማያዊው ሽቦ ነው። ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ትታ ኒውትራሉን (የመመለሻውን) ነው ያቋረጠችው። እንዲህ ሲሆን አምፖሉ ቢጠፋም ማቀፊያው ላይ ኤሌክትሪክ አለ። አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ የወጣ ሰው ይመታዋል። በአንድ ፎቶ ሰላሳ አራቱም ተማሩበት። ይሄን እንዴት ልተወው?

መልስ 1 (የላብ ቴክኒሻን)

እህቴ፣ ከፍላሹ ልጀምር። ውጤቱ አልጠፋም፣ አይዞሽ። ይሄ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል አያጠፋም፣ ይደብቃል። በምትኩ ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሰው ፎልደሩ መስሎት ሁለቴ ክሊክ ሲያደርገው ቫይረሱ ይነሳል። ስለዚህ ያንን ሾርትከት ከአሁን በኋላ እንዳትነኪው።

ፋይል ኤክስፕሎረርን ክፈቺ። ቪው በሚለው ስር ሂድን አይተምስ የሚለውን ምልክት አድርጊ። ካልታየሽ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተሽ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሺ። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል። ፋይልሽ እዚያ ውስጥ ነው። የምትፈልጊውን ብቻ ኮፒ አድርጊና ስካን አስደርጊው፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጊው።

ይሄ ግን ለዛሬ ነው። ላቡ ራሱ ካልተስተካከለ ነገም ይደገማል። እኛ ጋ ለውጥ ያመጣው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ ሚንት የሚባል ነፃ ሲስተም ጫንበትና በር አጠገብ አስቀመጥነው። ማንኛውም ፍላሽ መጀመሪያ እዚያ ይገባል። የዊንዶውስ ሾርትከት ቫይረስ ሊነክስ ላይ አይነሳም። የተደበቀውም ፋይል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቫይረሱን እዚያው አጥፍተን ንፁሁን እናሳልፋለን።

ሌላው፣ ሰልጣኞች በአድሚን አካውንት አይግቡ። ለእነሱ ተራ አካውንት ክፈቺላቸው። የአድሚኑ ፓስወርድ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። ይሄን የምለው ተለጥፎ ስላየሁ ነው። ዲፕ ፍሪዝ መጫን ከቻላችሁ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ወደነበረበት ይመለሳል። ግን ሰልጣኞቹን አስቀድመሽ አስጠንቅቂያቸው፦ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡት ስራ አብሮ ይጠፋል። ዲፕ ፍሪዝ ያልቆለፈው ድራይቭ ላይ እንዲያስቀምጡ ንገሪያቸው።

በክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ የተጫነ ዊንዶውስ ካለም እሱን ተጠራጠሪ። ብዙዎቹ ክራኮች ሲጫኑ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ መልሶ የሚያበራው የለም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 የማይሸከሙትን ማሽኖች ወደ ሊነክስ ማዞር ይሻላል እላለሁ።

መልስ 2 (የልብስ ስፌት ክፍል አስተባባሪ)

እኔ የምመልስልሽ ስለ ልጆቹ ነው። እኔም ደርሶብኛል።

ግሩፕ ላይ አባል የሆነ ሁሉ ሌላውን አባል ያያል። ፕሮፋይሉን ነክቶ በግል መፃፍ ይችላል። ሊንኩ ከአንድ ልጅ ወደ ሰፈር ጓደኛ ከሄደ ደግሞ ማን እንደገባ አታውቂም። ስለዚህ ግሩፑን ትተሽ ቻናል ክፈቺ። ቻናል ላይ ተከታዮች እርስ በርስ አይተያዩም። አንቺ ትለጥፊያለሽ፣ እነሱ ያነባሉ። ጥያቄ ያለው በክፍል ይጠይቅ፣ ወይም ለአንቺ ይላክ። ቻናሉ ላይ ሌላ አንድ አሰልጣኝ አብሮሽ አድሚን ይሁን። ብቻሽን አትሁኚ፣ ነገ አንድ ነገር ቢባል ምስክር ያስፈልግሻል።

ከዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ ውሰጂና ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው አብራችሁ አስተካክሉ። በቃል ብቻ ከነገርሻቸው ማንም አያደርገውም። ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ፎን ነምበር። ቁጥሬን ማን ይይ የሚለውን ኖባዲ አድርጉ። ከስሩ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚል ይመጣል፣ ማይ ኮንታክትስ በሉት። ፕሮፋይል ፎቶንም እንደዚያው። ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ውስጥ ገብተው ፓስወርድ ያስገቡ። እኔ በየወንበሩ እየዞርኩ ነበር ያየሁት። ከ28 ልጆች ፓስወርዱን ቀድሞ ያስገባ 3 ብቻ ነበር።

የተጠለፈው ልጅ ምናልባት "ለእህቴ ልጅ ድምፅ ስጡልኝ" የሚል ሊንክ ነክቶ ይሆናል። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ያስገባል፣ ቀጥሎ ቴሌግራም የላከውን ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን የሰጠ ሰው አካውንቱን ሰጠ ማለት ነው። ልጁ አሁንም መግባት ከቻለ ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ይክፈትና የማያውቀውን ስልክ ሁሉ ያስወጣ። ዛሬውኑ!

የማታውን መልዕክት ደግሞ እንዳታቃልዪው። ልጅቷ ከመሰረዟ በፊት ስክሪንሾት ታንሳ፣ የላኪው ስምና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋ። በኮምፒውተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራትና ሰው እስኪሰጋ ድረስ ደጋግሞ መላክ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ወደ ኮሌጁ የሴቶች ጉዳይ ክፍል አብረሻት ሂጂ። "ብሎክ አድርጊው" ብሎ መሸኘት አይበቃም። እኔ አንድ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ልጅቷ ከስልጠናው ቀርታለች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መልስ 3 (የደረጃ 3 ሰልጣኝ)

ቲቸር፣ ከሰልጣኝ ወገን ልናገር። ዳታ የለንም ስንል ሰበብ አይምሰልዎት። እኔና ወንድሜ የምንጠቀመው አንድ ስልክ ነው። 200 ሜጋባይት ቪዲዮ ሲላክ ለእኔ የሳምንት ጥቅሌ ነው። ስልኬም ቦታ የለውም፣ አንዱን ሳወርድ ሌላውን እሰርዛለሁ።

የእኛ አሰልጣኝ ቪዲዮውን በ480፣ በዝቅተኛ ጥራት ቀርፀው ከሦስት ደቂቃ አያሳልፉትም። አንድ ቪዲዮ፣ አንድ ስራ። ሶኬት ማሰር ከሆነ ሶኬት ማሰር ብቻ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ለሁለት ልጅ በኩዊክ ሼር ወይም በዜንደር ይሰጣሉ። ሁለቱ ለአራቱ፣ አራቱ ለስምንቱ። ዳታ አይበላም። እረፍት ሳያልቅ ሁላችንም ጋ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ውጤታችንን ከነስማችን ቻናል ላይ አይለጥፉብን። አምና ብቁ አይደለም የተባለ ጓደኛችን ስሙ ሰፈር ሁሉ ደርሶ ነበር።

ጥያቄ አቅራቢዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋይሉን አገኘሁት! ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ነበር። በራሴም አፈርኩ፣ ልጄ፣ ውጤት ከነስም የምለጥፈው እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል፣ እያንዳንዱ የራሱን በግል ያያል።

አንድ ቀሪ ጥያቄ አለኝ። ኢንተርኔት በሌለበት ኖቱንም ቪዲዮውንም አንድ ቦታ አስቀምጬ ሁሉም በስልኩ እንዲያየው ማድረግ ይቻላል?

መልስ 4 (የአይሲቲ አሰልጣኝ)

ይቻላል፣ ሰርቼዋለሁ። የሚያስፈልግሽ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ዋይፋይ ራውተር ነው። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ላይ ኮሊብሪ ወይም ሙድል የሚባል የትምህርት ሶፍትዌር ትጭኛለሽ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሙድል ፈተናና ውጤት መያዝ ላይ ጠንካራ ነው፣ ግን ለመጫን ትንሽ እጅ ይፈልጋል። ኮሊብሪ ኢንተርኔት ለሌለበት ትምህርት ቤት ታስቦ የተሰራ ነው፣ ቪዲዮና ፒዲኤፍ ለማሳየት ይበቃሻል። እኔ ብሆን በኮሊብሪ እጀምራለሁ።

ሰልጣኞቹ ከራውተሩ ዋይፋይ ጋር ይገናኙና ብሮውዘር ላይ የኮምፒውተሩን አድራሻ ይፅፋሉ፣ እንደ 192.168.1.10 ያለ ቁጥር ነው፣ ኮሊብሪ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ላይ :8080 ይጨመራል። ቁጥሩን በትልቁ ፅፈሽ በሩ ላይ ለጥፊው።

እኔን ሁለት ሳምንት ያደከመኝን ልንገርሽ። ልጆቹ ይገናኛሉ፣ ገፁ ግን አይከፈትም። ለካ ስልኩ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ ራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል። ሞባይል ዳታውን አጥፉ ስላቸው ሁሉም ተከፈተ።

ኮምፒውተሩ ላፕቶፕ ቢሆን ይመረጣል፣ ስክሪኑ የተሰበረም ቢሆን። መብራት ሲሄድ ባትሪው ያቆየዋል። እኔ መጀመሪያ በዴስክቶፕ ሰርቼ መብራት በጠፋ ቁጥር ዳታቤዙ ይበላሽብኝ ነበር። ራውተሩም ርካሽ ከሆነ 20 ስልክ ሲገባበት ይንገዳገዳል። በሁለት ቡድን ከፍለሽ አስገቢያቸው። የውጤት ፋይልሽን ግን እዚያ አታስቀምጪ። እሱ ሁለት ኮፒ ይኑረው፣ አንዱ ከኮሌጁ ውጭ።

መልስ 5 (ከእንግሊዝ)

ሰላም ናችሁ። እኔ እዚህ ከ16 ዓመት በላይ ያሉ ወጣቶች ሙያ በሚማሩበት ኮሌጅ ውስጥ ድጋፍ ሰጪ ሆኜ እሰራለሁ። የእናንተን ቴክኒክና ሙያ ይመስላል። ዋይፋዩም ኮምፒውተሩም ሞልቷል፣ ማታ በስልክ የሚያስቸግር ሰው ግን እዚህም አለ።

ከዚህ የሚጠቅማችሁ የሚመስለኝ አንድ ነገር ነው። በመንግስት መመሪያ መሰረት እያንዳንዱ ኮሌጅ የወጣቶቹን ደህንነት የሚከታተል አንድ ኃላፊ መመደብ አለበት። ፎቶውና ስልኩ በየኮሪደሩ ይለጠፋል። አንድ ተማሪ "እንዲህ ተላከብኝ" ካለኝ እኔ ራሴ አልመረምርም፣ ምስጢር እይዝልሃለሁ ብዬም ቃል አልገባም። ሰምቼ፣ በራሱ ቃል ፅፌ፣ በዚያው ቀን ለኃላፊው እሰጣለሁ። ተማሪው ማን ጋ እንደሚሄድ ያውቃል። የእናንተ ሴቶች ጉዳይ ክፍል ይሄን ስራ መያዝ ይችላል፣ ልጆቹ የመጀመሪያው ቀን ላይ ክፍሉን በአይናቸው ካዩት።

የግል መረጃን በተመለከተ ኢትዮጵያም አሁን ሕግ አላት፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የኮሌጅ አመራር ሲያንገራግር እሱን ማሳየት ይቻላል።

መልስ 6 (የወርክሾፕ ኃላፊ)

ስልክ አይግባ ከሚሉት አንዱ እኔ ነኝ። ምክንያት አለኝ። ኃይል ያለበት ፓኔል ፊት ቆሞ ስልኩን የሚያይ ልጅ አይቻለሁ። በአንድ እጁ ቴስተር፣ በአንድ እጁ ስልክ።

ግን የእህቴን ፎቶ ታሪክ ሳነብ ሃሳቤን አሻሻልኩ። እንዲህ ብናደርግስ? ስልኮቹ ሲገቡ በር ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ። ስራው ሲያልቅ ብሬከሩ ይውረድ፣ በቴስተር ኃይል አለመኖሩ ይረጋገጥ። ከዚያ ስልኩ ይምጣና ፎቶ ይነሳ። ፎቶው ውስጥ የወረደው ብሬከር አብሮ መታየት አለበት። ካልታየ ስራው አይታረምም።

ጥያቄ አቅራቢዋ

ጋሼ፣ ይሄኛው ልብ ውስጥ ገባ። ብሬከሩ ፎቶው ውስጥ እንዲታይ የሚለውን ከሰኞ ጀምሮ እሰራበታለሁ።

ትናንት ቻናሉን ከፍቼ ግሩፑን ዘጋሁ። ዛሬ ጠዋት ስማርት ስልክ ያላቸው 29ኙ አውጥተው አብረን አስተካከልን። ስማርት ስልክ የሌላቸው 5 ልጆች ከጓደኛ ጋር ተጣምረዋል። ልጅቷንም ይዣት ሄጃለሁ፣ ስክሪንሾቶቹን ሰጥተናል። አሁን ክፍል ገብታ ቁጭ ብላለች። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ከስቶር አግኝቻለሁ፣ ባትሪው አንድ ሰዓት ይይዛል። የአይሲቲ አሰልጣኙ፣ ቅዳሜ ኮሊብሪውን ስጭን ከተያዘብኝ እዚሁ እፅፍልሃለሁ።