ከአያት የወረሳችሁትን ጠመንጃ አዳማ ውስጥ ማን ይንካው? ማንስ አይንካው?

ከአባት ወይም ከአያት የወረደ ጠመንጃ ቤታቸው ያለ፣ ፈቃዱም የተሟላ ሰዎች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። ዝገቱን በምን እናጽዳው? ጥይቱንስ ከየት እናምጣ፤ ካልሆነ የመሙያ መሣሪያ ከውጭ አስመጥተን ቀለሁን ራሳችን ብንሞላስ? ለመጀመሪያው ጥያቄ አዳማ ውስጥ ከበቂ በላይ መልስ አለ። የሁለተኛው መልስ አጭር ነው፤ ደስ አያሰኝም።

ከማይነካው ልጀምር። በርና መስኮት የሚሠሩት የብረታ ብረት ቤቶች በሥራቸው ጎበዞች ናቸው፤ ጠመንጃ ግን አትስጧቸው። ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥመው በሩብ ሰዓት ያብለጨልጩታል። የሚያብለጨልጨው ብረት ላይ ግን ፋብሪካው ያለበሰው ጥቁር ሰማያዊ ሽፋን የለም፤ ማኅተሙም አብሮ ሄዷል። አንድ የማውቀው ሰው የአባቱን ቤልጅግ ጠመንጃ እንዲህ አስጠርጎ ሲቀበል የፋብሪካው ስም ግማሹ ጠፍቶ፣ ተከታታይ ቁጥሩም በጣት ሲዳሰስ እንጂ በዓይን የማይለይ ሆኖ ነበር። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብረቱ ላይ ካልተነበበ ደግሞ ጣጣው ከውበት ያልፋል፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ይህ የቀልድ ጉዳይ አይደለም። ክሮም እናስነክረው የሚሉም አሉ። ለእነሱ ምን እንደምል አላውቅም።

ዘይትን በተመለከተ ምርጫዬ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው። ስስ ነው፣ አይሸትም፣ አይደርቅም፤ የስፌት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ በትንሽ ጠርሙስ ይገኛል። አዲስ የሞተር ዘይትም ብረት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ወፍራም ስለሆነ አቧራ ይሰበስባል፣ አዳማ ውስጥ ደግሞ አቧራ መቼ ይጠፋል? ሐይቅ ዳር ያለች ሐዋሳ ብትሆን እርጥበቱን እፈራ ነበር፤ የእኛ ጠላት ነፋሱ የሚያመጣው ነው። ጋራዦች በነጻ የሚሰጡትን ያገለገለ ዘይት ግን እንዳትነኩት። አሲድና የብረት ብናኝ አለበት፤ ብረቱን እያበሳችሁ ታስበሉታላችሁ።

ሽማግሌዎቻችን ኑግ ይቀቡ ነበር። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ የሚደርቅ ዘይት ነው። ከጊዜ በኋላ የጠመንጃው መዝጊያ ላይ ቡናማ ሙጫ ይሆናል፤ እጀታው አልነሣም ይላል፣ ሰውም «ዝጎ ተያይዟል» ብሎ መዶሻ ያነሣል። መዶሻውን አስቀምጡና መዝጊያውን በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጨርቁ ሻይ የመሰለ ቀለም ይዞ ይገኛል፣ እጀታውም ይነሣል።

የኑግ ጥፋት የተልባ ጥቅም ነው። የተልባ ዘይትም ይደርቃል፤ ስለዚህ ለመዝጊያው መርዝ፣ ለሰደፉ መድኃኒት ነው። እንጨቱን በጨርቅ ጠርጋችሁ በጣም ስስ አድርጋችሁ በመዳፍ እሹት፣ ትርፉን ጥረጉ፣ ቀናት ጠብቃችሁ ድገሙት። ቀለም ቤቶች ተፈልቶ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት ካላቸው እሱን ውሰዱ፤ ቶሎ ይደርቃል። ካላቸው አልኩ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡላችሁ ቫርኒሽ ነው። ቫርኒሽ ለወንበር ይሁን። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

የቱቦው ውስጥ ሥራ ከሁሉም ርካሽ ነው። የድሮ ወታደራዊ ጥይት መለኮሻው ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት፤ ሲተኮስ ጨው ሆኖ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም፤ የፈለጋችሁትን ውድ ዘይት ብታፈሱ ከሥሩ ዝገቱ ይቀጥላል። የሚያሟሟው የፈላ ውኃ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደጋግማችሁ አይታችሁ፣ መዝጊያውን አውጥታችሁ፣ ከኋላ በጠባብ ማፍሰሻ አፍስሱ። ብረቱ ራሱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ስሱ ዘይት።

ለማሳያ ሣጥን የቤት ዕቃ መደብሮች የሚያቀርቡት ብዙውን ጊዜ ከችፑድ ወይም ከኤምዲኤፍ የተሠራ ነው። ያምራል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ነገር ግን ሙጫው የሚያወጣው ትነት በተዘጋ መስታወት ውስጥ ብረት ያዝጋል። ከእነሱ ይልቅ በትእዛዝ የሚሠራ አናጢ ፈልጉና ደረቅ ዋንዛ አሠሩ። ዋንዛ ለመሣሪያ ይታዘዛል፣ ከባሕር ዛፍ ጋር ሲወዳደር አይጣመምም። ጠመንጃውን ተሸክማችሁ ከአናጢ ቤት አናጢ ቤት አትዙሩ፤ ቁመቱንና ውፍረቱን ለክታችሁ ወረቀት ላይ ወስዳችሁ ሂዱ። ሣጥኑ ቁልፍ ይኑረው፣ ከኋላም ትንሽ መተንፈሻ።

ማንገቻው ከተበጠሰ ቆዳ ፍለጋ አዲስ አበባ አትውጡ፤ የቆዳ ፋብሪካ መንደር የሆነችው ሞጆ በቅርብ ናት። ለጃኬት የሚሆነው ለስላሳ የበግ ቆዳ ይለጠጣልና ወፍራም የከብት ቆዳ ጠይቁ፤ የሚሰፋላችሁ ጫማ ሠሪ ቢሆን ይሻላል፣ ቦርሳ ሰፊዎች ክሩን ያሳሱታል። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ግን አታስቀምጡት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

አሁን ወደ ጥይቱ። ውጭ አገር ቀለህ በቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች መጭመቂያ፣ ቅርጽ ማውጫና ባሩድ የሚመዝን ስስ ሚዛን ያሰልፋሉ፤ እንዲህም ሆኖ አሮጌ ጠመንጃ ያስቸግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣው የጣሊያኑ ካርካኖ ስሙ 6.5 ይባል እንጂ የሚፈልገው 6.8 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ እርሳስ (የጥይት ራስ) ነው፤ የተለመደው 6.7 ውስጡ ይዋልላል፣ ዒላማ አይመታም። የጀርመኑ 7.92 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቱቦ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1905 በፊት ለነበረው ጠባብ ቱቦ የኋለኛውን ሰፊ እርሳስ ማጉረስ ግፊቱን ከልክ በላይ ያንረዋል። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ከሆነ ነገሩ ከዚህም ይብሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ለጥቁር ባሩድ የተሠራ 11 ሚሊ ሜትር መሣሪያ ነው፣ ጭስ አልባው ባሩድ ፊታችሁ ላይ ሊበትነው ይችላል። ይህን ሁሉ ለክቶ፣ መርምሮ የሚነግራችሁ ባለሙያ ሳይኖር፣ ያውም ሕጉን ተሻግራችሁ ቤት ውስጥ ባሩድ የምትመዝኑበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ የመሙያ መሣሪያ ጥቆማ ከእኔ አትጠብቁ።

ዝናሩ ውስጥ የቀሩ አሮጌ ጥይቶች ካሉ አትፈልፍሏቸው፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣሏቸው፤ በአቅራቢያችሁ ላለው ፖሊስ አስታውቃችሁ አስረክቡ። ባዶ ዝናር ግድግዳ ላይ ካስጠላችሁ ሣጥኑን የሠራላችሁን አናጢ ከወይራ እንጨት የጥይት ቅርጽ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት። ማሽን ያለው ከሆነ ለአንድ ዝናር የሚበቃውን በግማሽ ቀን ይጨርሳል፤ ጫፉን በተልባ ዘይት ብታሹት ከሩቅ አይለይም።